ለሁለት አሮጊቶች የታነጸ አዳራሽ

ሰው ለራሱ ቤት ቢሠራ ወግ ነው፣ ለልጁ ቢሠራ አባትነት ነው፣ ለታቦት ቢሠራ ጽድቅ ነው፤ ነገር ግን አንዲቱ ሞተሯ የወጣ፣ ሌላይቱ ጎማዋ የተኛ፣ ሁለቱም ስልሳ ዓመት የደፈኑ አሮጊት መኪናዎች ይጠለሉበት ዘንድ ርዝመቱ 12 ሜትር፣ ወርዱ 8 ሜትር የሆነ አዳራሽ ለማነጽ የጡረታ ጥሪቱን የሚያፈስ ሰው ከነዚህ ከሦስቱ ከየትኛው ወገን እንደሚቈጠር ባለቤቴ ደጋግማ ጠይቃኝ፣ እኔም ደጋግሜ አስቤ፣ የረባ መልስ ሳላገኝላት ኖሬአለሁ። አንድ ቀን ብቻ መልስ ያገኘሁ መስሎኝ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ቤድ ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሥቶ በረሃውን አቋርጦ ያመጣላቸውን ሲድሌይ አውቶሞቢል እንዴት ባለ ክብር እንደ ተቀበሉ አስረዝሜ ብተርክላት፣ «እምዬ ምኒልክ የተቀበሉት እኮ የሚሄድ መኪና ነው» ብላ አፌን ዘጋችው።

አንደኛይቱ አሮጊት እ.ኤ.አ. በ1965 የተሠራች ባለ 1200 ቮልስዋገን ናት፤ ሁለተኛይቱ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ በታክሲነት የአዲስ አበባን አቀበት ስትወጣና ስትወርድ ዕድሜዋን የፈጀች ፊያት 600፣ ማለት የጣልያንኛው ቍጥር መጠሪያዋ ሆኖ ቀርቶ ሁላችን «ሴይቼንቶ» የምንላት ናት። ሁለቱም እንደ እናቶቻችን ሸክማቸውን በጀርባቸው አዝለው፣ ማለት ሞተራቸውን ከኋላ፣ ሻንጣቸውን ከፊት አድርገው የተፈጠሩ ናቸው፤ ጠባያቸው ግን የተለያየ ነው። ቮልሷ ከፋብሪካ ስትወጣ 34 የፈረስ ጉልበት እንደ ነበራት መጽሐፏ ይመሰክራል፤ ይሁን እንጂ እኔ የምኖርበት ሽሮ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ፣ አየሩም የሳሳ በመሆኑ፣ ሞተሯ በባሕር ዳርቻ ይተነፍሰው ከነበረው ነፋስ ከአምስት እጅ አንዱን ያጣል፤ ስለዚህ ከሠላሳ አራቱ ፈረሶች ሰባት ስምንት የሚሆኑት ከእንጦጦ ግርጌ ሳይደርሱ መንገድ ላይ ቀርተዋል ማለት ነው። ቢሆንም በነፋስ ብቻ የምትቀዘቅዝ፣ ውኃ የማትቀምስ ባሕታዊት ስለሆነች አትፈላም። ሴይቼንቶዋ ግን ውኃ ጠጪ ናት፤ ውኃ ደግሞ በእኛ አገር ከፍታ መቶ ዲግሪን ሳይጠብቅ በ92 ገደማ የሚፈላ ነገር ነውና፣ ከፒያሳ ተነሥታ ስድስት ኪሎ ስትደርስ እንደ ጀበና ትንተከተካለች።

የነገሩ ሁሉ መነሻ የቮልሷ ፍሪሲዮን ማለቁ ነው። ጊዜው የግንቦት መጨረሻ ነበረ። እኛ «መሪጌታ» ብለን የምንጠራው፣ በወጣትነቱ ከአንድ ጣልያናዊ ሙያውን የተማረ ሽማግሌ መካኒክ መጥቶ መኪናዋን ዞሮ አያትና፣ «ይኸ ሥራ አንድ ክሪክ፣ ሁለት ጉማጅ እንጨትና ዝናብ የማይጥልበት ግማሽ ቀን ነው የሚፈልገው» አለ። የቮልስዋገን ሞተር ከካምቢዮው ጋር የተያያዘው በአራት ብሎን ብቻ ስለሆነ፣ ነገሩ እውነት ነበረ፤ ሞተሩም ከቡና በፊት ወጣ። ነገር ግን ገና ሣር ላይ እንዳረፈ ሰማዩ ከየካ በኩል ጠቍሮ ዝናቡ ወረደ፤ አራት ሰዎች ሆነን 110 ኪሎ ገደማ የሚመዝነውን ያን ብረት እንደ ቃሬዛ ተሸክመን ወደ ሳሎን አስገባነው። በዚያው ውሎ አደረ፤ ባለቤቴም ቀን አልፎ ቀን ሲተካ፣ እንግዳ ሲመጣ ማፈሩ ስለ ሰለቻት፣ ዳንቴል አልብሳ የአበባ ማስቀመጫ አኖረችበት።

እንግዲህ መሪጌታ ከተናገረው ሁሉ በእኔ ኅሊና ተቀርጾ የቀረው «ዝናብ የማይጥልበት» የሚለው ነበረ። አስተዋይ ሰው ቢሆን ኖሮ ዝናብ የማይጥልበትን ግማሽ ቀን ይጠብቅ ነበር፤ እኔ ግን ዝናብ የማይጥልበት ቤት ልሥራ ብዬ ተነሣሁ።

ፈቃድ ወደሚሰጠው መሥሪያ ቤት ሄጄ ቅጽ ስሞላ፣ «የሕንፃው አገልግሎት» ከሚለው መስመር ላይ ስደርስ፣ ከመኖሪያም ከንግድም ወገን ስላልሆነ፣ ብዙ አስቤ «ለትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ» ብዬ ጻፍኩ። ወረቀቱን የተቀበለኝ ወጣት ትሑት ልጅ ነው፤ ጣቱን «ትርፍ» በሚለው ቃል ላይ አሳርፎ፣ «ጋሼ፣ ትርፍ ካለው ንግድ ነው፤ ንግድ ከሆነ ደግሞ የንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቍጥር ማቅረብ አለብዎት» አለኝ። በልጅነቴ ከትርጓሜ ቤት ደጃፍ ቆሜ የለቀምኩት ሐተታ ትዝ ብሎኝ፣ ትርፍ ማለት አንድም ነጋዴ ከሸጠው ላይ የሚያገኘው ገንዘብ ነው፣ አንድም ከልኩ አልፎ የሚቀር ነገር ነው፣ አንድም ሰው ከታዘዘው በላይ የሚሠራው በጎ ሥራ ነው፣ ትሩፋት የሚባለውም ከዚሁ የወጣ ነው፣ የእኔውም አዳራሽ ከሦስተኛው ይመደባል ብዬ አብራራሁለት። ልጁ በትዕግሥት ከሰማኝ በኋላ «እንግዲያው ትርፉን እናውጣውና ጊዜ ማሳለፊያ ይሁን» አለ። አለቃው ደግሞ ጊዜ ማሳለፊያ መዝናኛ ስለሆነ፣ መዝናኛም ሲከፈት ጎረቤት መስማማት ስላለበት፣ የጎረቤት ፊርማ ይምጣ አለ። እንዲህ እየተባባልን ክረምቱ አልፎ፣ መስቀል ተደምሮ፣ በመጨረሻ አንዲት የመዝገብ ቤት ሴት አዝናልኝ «ዕቃ ማስቀመጫ» ብላ ጻፈችልኝና ማኅተሙ ተመታ። ያን ጊዜ በቃሉ ተከፋሁ፤ ትንቢት መሆኑን አላወቅሁም።

መሠረቱ በጥቅምት ተቆፈረ። ግንበኛው ሲባጎውን ወጥሮ ከጨረሰ በኋላ ቆም ብሎ «ጋሼ፣ መኪናዎቹ ስንት ስንት ናቸው?» ሲል ጠየቀኝ። ቮልሷ ርዝመቷ 4 ሜትር ከ7 ሳንቲም፣ ወርዷ 1 ሜትር ከ54፤ ሴይቼንቶዋ ደግሞ ርዝመቷ 3 ሜትር ከሩብ ገደማ መሆኗን ነገርኩት። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አባዝቶ ደመረና «ሁለቱ አንድ ላይ 11 ካሬ አይሞሉም፤ ቦታው 96 ካሬ ነው፤ የቀረው 85 ለምንድን ነው?» አለኝ። «ለመዞሪያ» አልኩት።

እናንተም ከሳቃችሁ፣ በጠባብ ቦታ መኪና ፈትታችሁ የማታውቁ ናችሁ። ሰው ከመኪና በታች በጀርባው ሲተኛ እግሩ ከጉልበቱ ጀምሮ ውጭ መቅረቱን፣ በሩ ሲከፈት ሌላ አንድ ሜትር መብላቱን፣ የተፈታው ዕቃ ሁሉ ከገባበት ሦስት እጥፍ ሰፍቶ እንደሚተኛ፣ ይልቁንም ከእጅ ያመለጠ ዳዶ ማንም በማይደርስበት ጨለማ ውስጥ ገብቶ ካልተሸሸገ ዕረፍት እንደማያገኝ የሚያውቅ ሰው 85 ካሬ ሜትርን ብዙ ነው አይልም። የቮልስን የኋላ ጎማ ዳዶ ብቻ ተመልከቱ፤ 36 ቍጥር ቁልፍ ይፈልጋል፤ ሲጠብቅም አንድ ሜትር በሚረዝም ዘንግ ጫፍ ላይ 30 ኪሎ የተንጠለጠለ ያህል ጠብቆ ነው። ስልሳ ዓመት ዝገት ሲጨመርበት፣ መሪጌታ ቁልፉ ላይ የሁለት ሜትር ቧንቧ ሰክቶ፣ ቧንቧው ጫፍ ላይ ወጥቶ፣ ግድግዳ ተደግፎ ይዘላል። ይህ ዝላይ በምን ቦታ ይዘለል?

ወለሉን 15 ሳንቲም ውፍረት ያለው አርማታ አደረግነው፤ 14 ሜትር ኩብ አለፍ ብሎ ወጣ፤ ሲሚንቶ፣ አሸዋና ጠጠር «አንድ ለሁለት ለሦስት» እየተሰፈረ፣ በባሬላ እየተጋዘ፣ 52 ኩንታል ሲሚንቶ ዋጠ። ከዚያም በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ጧትና ማታ ውኃ ሲጠጣ ሰነበተ፤ አርማታ ኃይሉን በሙሉ ለማግኘት 28 ቀን ይፈጃልና፣ በእነዚያ ቀናት ከደጃፉ ቆሜ ማንም እንዳይረግጠው ስጠብቅ ሱባኤ የገባሁ መስዬ ነበር። ስለ ብሎኬቱ፣ ስለ ሞራሌው፣ ስለ ቆርቆሮው ዋጋ አላወራም፤ ይህን ጽሑፍ ባለቤቴም ታነበዋለች።

አዳራሹ ቆሞ ሲታይ፣ ድፍረቴን ይቅር ይበለኝና፣ ሳናስበው የቤተ ክርስቲያንን ሥርዓት ይዞ ተገኘ። በመግቢያው በኩል የሰፈሩ ጡረተኞች አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ስለ ሁሉም መኪና የሚከራከሩበት ቦታ ቅኔ ማኅሌት ሆነ፤ መካከለኛው፣ እኔ ጨርቅና ቤንዚን ይዤ እንድቆም የተፈቀደልኝ፣ ቅድስት ነው፤ ሞርሳው የታሰረበት የመጨረሻው ጥግ ደግሞ ከመሪጌታ በቀር ማንም የማይገባበት መቅደስ ነው። እዚያ አንድ ቀን ካቻቪቴውን አንሥቼ ወደ ሌላ ቦታ በማኖሬ የደረሰብኝ ተግሣጽ እስካሁን ያመኛል።

የጋራዡም ቋንቋ እንደ ሌላው ቋንቋ አይደለም፤ ቅኔ ቤት በግእዝ እንደሚቀኝ ጋራዥ በጣልያንኛ ይቀኛል። ጣልያኖቹ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ገዝተን እንኖራለን ብለው ተዋግተው፣ ተዋርደው ወጡ፤ ቃላታቸውን ግን ማርከን አስቀረናቸው፤ እነሆ እስከ ዛሬ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ማርሚታ፣ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ፍሬቻ እየተባሉ በእጃችን ያገለግሉናል። መሪጌታ እነዚህን ቃላት እንደ ዳዊት ይደግማቸዋል እንጂ ትርጓሜያቸውን አያውቅም፤ ስለዚህ አንድ ከሰዓት በኋላ መዝገበ ቃላት ይዤ ተቀምጬ ምሥጢራቸውን ስገልጥለት፣ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ደቀ መዝሙር አላገኘሁም። ካንዴላ ማለት ሻማ ነው ብለው፣ «አየህ፣ ካላበራ ሞተር አይነሣም» አለኝ። ማርሚታ ማለት ድስት ነው ብለው፣ ከመኪናዋ በታች የተንጠለጠለውን ጥላሸታም ነገር አየት አድርጎ «እውነትም» አለ። ፍሬቻ ማለት ፍላጻ ነው፤ የጥንቶቹ ቮልሶች እስከ እ.ኤ.አ. 1960 ድረስ ከበራቸው ጎን እንደ ፍላጻ ብድግ የሚል ጠቋሚ ነበራቸው ብለው ደግሞ፣ ጥቂት ዝም ብሎ፣ «ለዚህ ነዋ የታክሲ ሾፌሮች የማያበሩት፤ ማን ፍላጻ ሊወረውር ሲል አስቀድሞ ይናገራል?» አለ። የጉባኤው ሊቅ እኔ መሆኔ የቀረው በዚያች ቃል ነው።

መሪጌታ የተባለበትም ምክንያት አለው። የመኪናን ድምፅ በጆሮው ሲመረምር ዓይኑን ይጨፍናል፤ የቮልስ ሞተር እሳቱን በአንድ፣ በአራት፣ በሦስት፣ በሁለት ተራ የሚቀባበል ነውና፣ ከመቋሚያ አሰላለፍ አንዱ ሲዛነፍ ደብተራ እንደሚያውቀው፣ ከአራቱ የቱ እንደ ዘገየ ይነግርሃል። ሞተሩ ሲነሣ ግእዝ ነው፣ አቀበት ሲይዝ ዕዝል ነው፣ ሲቀዘቅዝ አራራይ ነው ይላል። ከአራቱም የሚሳሳለት ለሦስተኛው ሲሊንደር ነው፤ በእነዚህ አሮጌ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው በመንገዱ ቆሞ ነፋሱን ስለሚከለክለው፣ ሦስተኛው ከወንድሞቹ ይልቅ ይግላል፣ ከወንድሞቹም ቀድሞ ይሞታል። «ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ ከፊቱ የቆመበት ነው» ይልና መንግሥት መሥሪያ ቤት ያሳለፍኳቸውን ሠላሳ ዓመታት ያስታውሰኛል።

አሁን ወደ ጉድጓዱ ልምጣ። መኪና ከፍ አድርጎ የሚያነሣው ባለ ሁለት ምሰሶ ማንሻ ዋጋው ከአቅሜ በላይ ስለሆነ፣ መኪናዋ ወደ ላይ ካልወጣች ሰውዬው ወደ ታች ይውረድ ብለን፣ ወርዱ 80 ሳንቲም፣ ጥልቀቱ በመሪጌታ ቁመት የተለካ ጉድጓድ በአዳራሹ መካከል አስቆፍረን ነበር። በጋውን ሙሉ የሚደነቅ ጉድጓድ ሆኖ ከረመ። ሐምሌ ሲጋመስ አንድ ጧት በሩን ከፍቼ ብገባ እስከ አፉ ጢም ብሎ ሞልቶ አገኘሁት፤ ከጣራው አንዲት ጠብታ አልወረደችም፤ ውኃው የመጣው ከተራራው ሥር ለሥር ነው። ወሬው ሰፈሩን ሲዞር አንድ ሰዓት አልፈጀበትም። ከእንጦጦ ግርጌ ለሚኖር ሰው ደግሞ ጠበል መፍለቁ ብርቅ ነገር ስላልሆነ፣ የጎረቤቴ እናት ነጠላቸውን አደግድገው፣ ጀሪካን ይዘው ከደጃፌ ቆሙና፣ «ልጄ፣ የማን ጠበል ነው? የማርያም ነው የኪዳነ ምሕረት?» አሉኝ።

«እማማ፣ የመኪና መሥሪያ ጉድጓድ እኮ ነው» አልኳቸው። እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው ሲያዩ፣ ውኃው ላይ የፈሰሰው የሞተር ዘይት ሰባት ቀለም ሠርቶ ሲያብረቀርቅ ተመለከቱና፣ «ቀስተ ደመናውን እያየሁት ትሸሽገኛለህ? የኖኅ ኪዳን አይደለም?» ብለው ሦስት ጊዜ አማተቡ። እንዳይጠጡት ለማድረግ የንስሓ አባታቸውን እስከ መጥራት ደረስን፤ ከዚያች ቀን ጀምሮም በሰፈራችን በረከት የሚሰስት ሰው ተብዬ እታማለሁ። መሪጌታ ቀድሞውንም «ክሪክ ይበቃል» ያለ ሰው በመሆኑ አንዳች ሳይናገር ቆሞ አየኝ። ክረምቱ ሲወጣ ጉድጓዱን በድንጋይና በአርማታ ደፈንነው።

በመስከረም አዳራሹ ተጠርጎ፣ ወለሉ ሊሾ ሆኖ፣ አሮጊቶቹ ሊገቡበት ተዘጋጀ። በዚያው ሳምንት ባለቤቴ «ለጊዜው ነው» ብላ በርበሬዋን አሰጣችበት፤ እንደዚህ ያለ ደረቅ ወለል በዘመኗ አይታ እንደማታውቅ ስትናገር በመጀመሪያ ጊዜ አመሰገነችኝና፣ ምስጋናው አፌን አሰረው። በርበሬው ሲነሣ የእኅቴ ልጅ ሠርግ ደረሰ፤ 96 ካሬ ሜትር ጣራ ያለው ሰው ዘመዱ ድንኳን ሲከራይ ዝም ብሎ ሊያይ አይችልም፤ በሞርሳው ላይ ጠጅ ተቀዳ። ከሠርገኞቹ አንዱ አዳራሹን ባየ በሳምንቱ፣ አባቱ ትተውለት ያለፉትን የፔዦ 404 አካል በጭነት መኪና አስጭኖ «ለጊዜው እዚህ ትቀመጥልኝ» ብሎ አራግፎልኝ ሄደ። መጨረሻ የመጣው ዕድሩ ነው። ዕድር ሲለምን እምቢ የሚል ሰው ማን ይቀብረዋል? ሁለቱ ድንኳኖች፣ ድስቶቹ፣ 120 ወንበሮችና የአስከሬኑ አልጋ ለጊዜው ገቡ።

ቮልሷ በዚህ ሁሉ ጊዜ ከጽዱ ዛፍ ሥር ቆማ፣ አንዲት ዶሮ በኋላ መቀመጫዋ ላይ ሦስት ጊዜ ፈልፍላባታለች። በኅዳር ሚካኤል ማግስት፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ጧት፣ መሪጌታ ሳይጠራ መጣ፤ የአበባ ማስቀመጫውን ከሞተሩ ላይ አንሥቶ ለባለቤቴ ሰጣትና አራት ሰው አስጠርቶ ሞተሩን ወደ ውጭ አወጣው። አንድ ክሪክ፣ ሁለት ጉማጅ እንጨት ነበሩት፤ አዲሱን ፍሪሲዮን አስገብቶ አራቱን ብሎኖች ሲያጠብቅ ፀሐይ አናታችን ላይ አልደረሰችም። ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ ሞተሯ በግእዝ ተነሣች፤ ሦስተኛውም ደኅና ነው። በዚያው ዕለት ስድስት ኪሎ ድረስ ወርደን ሳንገፋ ተመልሰናል። ሴይቼንቶዋ ተራዋን ትጠብቃለች፤ እሷም የምትሠራው ከጽዱ ሥር ነው።

እንግዲህ አዳራሹን አይታችሁ የምታመሰግኑኝ፣ ይልቁንም 36 ቍጥሩን ቁልፍ ልትዋሱ የምትመጡ ወዳጆቼ ሆይ፣ ቀድማችሁ እንድታውቁት የምለምናችሁ ነገር ቢኖር፣ የበሩ መክፈቻ እኔ ዘንድ አለመሆኑን ነው፤ የያዙት የዕድሩ ገንዘብ ያዥ ናቸው፤ እሳቸውም ለቅሶ ከሌለ በቀር የሚከፍቱት ቅዳሜ ከስምንት ሰዓት በኋላ ነው።